የአሥራ ሰባት ቅዳሜ ኩርባ

«ለአባቴ ስብሰባው ተላልፏል ይበሉልኝ፤ እኔ ብነግረው አያምነኝም» የምትለው የገዛ ልጁ ነበረች። ሴራሚክ አንጣፊው ይህን የሰማው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆሞ፣ ግማሽ ፊቱ በሳሙና እንደተሸፈነ ጢሙን ሲላጭ ነው። በመታጠቢያ ቤቱና በልጁ ክፍል መካከል፣ ከጣሪያው ሥር፣ አንድ ጡብ የሚያህል የአየር ቀዳዳ አለ። ምላጩን ጉንጩ ላይ እንዳቆመ አዳመጠ። «ድምፅ መስጠት እንደማይችል ያውቃል፤ ግን መምጣቱ አይቀርም፣ ከመጣ ደግሞ ዝም አይልም። እዚያ ቁጭ ብዬ ልሰማው አልችልም» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «እሺ ዶክተር፣ ውለታዎ አለብኝ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እሱም ቀሪውን ጉንጩን ጨረሰ፣ ምላጩን አጠበ፣ ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውንም ውሃ እንደ ልማዱ ቆሞ አየው። ውሃው በየሜትሩ ሁለት ሳንቲም እንዲያዘነብል አድርጎ ባነጠፈው ወለል ላይ ቀስ ብሎ ሄዶ ጥግ ያለችው መውረጃ ውስጥ ገባ። በሠላሳ አራት ዓመት ሥራው ያነጠፋቸው መታጠቢያ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ውሃ ያቆረ አንድም የለም። ይህን ሲናገር ጉራ መንዛቱ አይመስለውም፤ የቤት ቁጥሩን እንደመናገር ያህል ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሻይና ዳቦ ቀርቦ ነበር። ልጅቱ የግራ እጅ አንጓዋ በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው፤ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። የምትሠራበት መድኃኒት ቤት የብረት በር እንደመታት ነግራቸው ነበር፤ ፋርማሲስት ስለሆነች ማንም ሐኪም ቤት ሂጂ አላላትም። ዳቦውን በአንድ እጇ ልትቆርስ ስትታገል አባትየው ወሰደና ቆርሶ ሰጣት። «ዛሬ ቁፋሮ ብቻ ሳይሆን አይቀርም» አለች ሻይዋን እያየች፤ «ስብሰባው የሚኖር አይመስለኝም።» እሱም «እንዴት?» አለ። «ዶክተር ይደውልልሃል።» «ይደውላ» አለና ስኳሩን ማማሰል ያዘ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። እናትየው ከአንዱ ወደ ሌላው እያየች፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ነካችሁ?» አለች። ሁለቱም ምንም አሉ፣ በአንድ ጊዜ። ልጅቱ ብስክሌቷን ከኮሪደሩ አውጥታ ስትሄድ የኋለኛው ጎማ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ሲነጥር ተሰማ። ከዚያ በቤቱ ውስጥ የማንኪያው ድምፅ ብቻ ቀረ።

ከከተማው ዳር ያለው ኮረብታ ላይ በብስክሌት የሚወርዱ ሰዎች ክበብ አላቸው። ከጫፍ እስከ ግርጌ በዛፎቹ መሐል የሚጠማዘዘውን ቀጭን መንገድ የሠሩት ራሳቸው ናቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ፣ በዶማና በአካፋ። ከሃያ አምስቱ አባላት አሥራ ሁለቱ ግን ብስክሌት አይነዱም፤ ይቆፍራሉ ብቻ። አንዳንዱ የልጅ ወላጅ ነው፣ አንዳንዱ የሠፈር ሰው ነው፣ አንዱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ሲሆን ሐኪም ወገብህን አንቀሳቅስ ስላለው የመጣ ነው። የክበቡ መተዳደሪያ ደንብ በዘጠነኛው አንቀጽ ድምፅ የሚሰጠው መንገዱን በብስክሌት ከላይ እስከ ታች የወረደና ይህንንም ሁለት ነጂዎች ፈርመው የመሰከሩለት አባል ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ደንቡን የጻፈው የጥርስ ሐኪሙ ነው፣ የክበቡ ሊቀመንበር። ሴራሚክ አንጣፊው ከልጁ ጋር ገብቶ በተከታታይ አሥራ ሰባት ቅዳሜ ቆፍሯል፤ ከእሱ የበለጠ የቆፈረ የለም። ትልቁ ኩርባ የእሱ ሥራ ነው። ሲባጎ የወጠረው፣ አፈሩን የጠቀጠቀው፣ ውሃው ዳገቱን ወርዶ መንገዱን በቀጥታ እንዲያቋርጥና ወደ ቁልቁለቱ እንዲበተን አድርጎ ወለሉን ወደ ውጭ ያዘነበለው እሱ ነው። ኩርባው ሳይሠራ በፊት ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ መንገዱን ይዞ ወርዶ ግርጌው ላይ ያለውን የመዋዕለ ሕፃናት ግቢ ያጥለቀልቀው ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ባልዲ እንኳ አልገባም።

አሁን ግን ሊቀመንበሩ ኩርባውን በውጭ በኩል ጉልበት በሚደርስ የድንጋይ ካብ ይታጠር ይላል፤ በአንድ ወር ሦስት ሰው ወድቋልና። አንጣፊው ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። ካቡ ውሃውን እንደ ገንዳ ጠርዝ ያቆመዋል፣ የቆመው ውሃ መንገዱን ይዞ ይወርዳል፣ ጎርፉም እንደገና የሕፃናቱ ግቢ ውስጥ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት በተደረገው ስብሰባ ላይ ድምፅ ባይኖረውም ከኋላ ሆኖ ተናግሮ ነበር። «መንገዱ ማንንም አልጣለም» አለ። «የወደቁት ዓይናቸውን ቤት ትተው የመጡ ናቸው። ፍሬን የሚባል ነገር አለ፤ ያዝ ማድረግ ነው።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጁ ወለሉን እያየች እንደነበር ትዝ የሚለው አሁን ወደ ኮረብታው በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ጉልበቱ ላይ ያለው ከረጢት ውስጥ ሲባጎ፣ መዶሻና ጓንት አለ፤ በሸሚዙ ኪስ ደግሞ ዝንባሌ የሚለካባት ስንዝር የማትሞላ ውሃ ልኩ አለች፣ ከእሷ ተለይቶ ከቤት አይወጣም። ስልኩ ጠራ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» አለ የጥርስ ሐኪሙ። «ይኸውልዎት፣ የዛሬው ስብሰባ… ተላልፏል።»

«ለመቼ?»

«እሱን… እናሳውቅዎታለን» አለ ሐኪሙ።

«ጥሩ። ሥራውስ?»

«ሥራው አለ።»

«እንግዲያው እየመጣሁ ነው» አለና ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ፈገግ ስትል አያት፤ እሱም ፈገግ አለ። ሰው ሲዋሽ መያዝ ያዝናናዋል፤ ዛሬ ያልተዝናናው ውሸቱ ከማን እንደመጣ ስላወቀ ነው።

ጠዋቱን ኮረብታው ላይ በደህና ሠሩ። እሱና ሹፌሩ ከኩርባው በላይ ያለውን የተሸረሸረ ቦታ አፈር እየሞሉ ይጠቀጥቁ ነበር፤ ሹፌሩ በሦስት ምት አንዴ እየቆመ ወገቡን ይይዛል፣ ወገቡን በያዘ ቁጥርም ወሬ ይጀምራል። ከታች በኩል ሊቀመንበሩ በሜትር የኩርባውን ርዝመት ይለካል፤ አጠገቡ ለካቡ የሚሆን ድንጋይ ተከምሯል። ልጅቱ በአንድ እጇ ችካል ትይዝለታለች። አባትና ልጅ ሁለት ጊዜ ተያዩ፤ ሁለት ጊዜም ቀድማ ዓይኗን የመለሰችው እሷ ናት።

«ስማ» አለው ሹፌሩ በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይደል ስብሰባው? ከነጂዎቹ ጋር ከፊት ልትቀመጥ ነው ወይስ እንደኛ እንደ ቆፋሪዎቹ ግድግዳ ልትደገፍ?»

«ተላልፏል ተብያለሁ።»

«ማን አለህ?» ሹፌሩ መጠቅጠቂያውን አቆመ። «አዳራሹን ጠዋት እኔ ነኝ የጠረግኩት። ድምፁንም ከወዲሁ ቆጥረውታል፤ ሰባት ሰው ካቡን ይፈልጋል፣ ስድስቱ እንዳለ ይተው ይላል። አለቀ፣ ደቀቀ።» ከዚያ ትንሽ አመነታ። «ልጅህ ከሰባቱ አንዷ ናት። ከሌላ ከምትሰማው ብዬ ነው።»

አንጣፊው ጓንቱን አወለቀና አራገፈው። ወደ ልጁ አላየም። ስድስት ላይ አንድ ቢጨመር ሰባት ለሰባት ነው፤ እኩል ከሆነ ደግሞ ነገሩ እንዳለ እንደሚቆይ ደንቡ ላይ ተጽፏል። ያቺ አንድ ድምፅ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ የእሱ መሆን አለባት። አካፋውን ተክሎ ቁልቁል ወደ ሊቀመንበሩ ሄደ።

«ዶክተር፣ ያቺ ቢጫዋ የተለማማጆች ብስክሌት አለች?»

«አለች ጋሼ፤ ለማን ፈልገው ነው?»

«ለራሴ። ከላይ እስከ ታች ልወርድ ነው፤ ከዚያ ትፈርሙልኛላችሁ።»

ሐኪሙ ሜትሩን እየጠቀለለ አየው። «ጋሼ፣ በዕድሜዎ…»

«ደንቡ ላይ ዕድሜ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

«ሄልሜት ስጡኝ እንግዲህ።»

ልጅቱ ቀና ብላ፣ «አባዬ፣ ተው» አለች። የምትለው ይኸው ብቻ ነበር። እሱም የሄልሜቱን ማሰሪያ ከአገጩ ሥር እየሞከረ፣ «ስብሰባው ከተላለፈ ቀኑ ረጅም ነው፤ ምን ልሥራበት?» አላት። ልጅቱ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ሹፌሩ ጀርባውን ሰጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

ብስክሌት አዲስ ነገር አልነበረም። ሥራ ሲለማመድ ለስምንት ዓመት የሴራሚክ ካርቶን ከኋላው ጭኖ ከተማውን ሲያዳርስ የኖረው በብስክሌት ነው፤ ሲቀመጥበት ሰውነቱ ወዲያው አስታወሰው። ኮረብታው ጫፍ ላይ ሆኖ ሁለቱን ፍሬኖች ጨበጥ፣ ለቀቅ አደረገና ተነሳ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መቶ ሜትሮች ደስ ይሉ ነበር። እያንዳንዷን ሥርና ጠጠር በእግሩ ያውቃታል፤ ከኮርቻው ላይ ሲታዩ ግን ሁሉም ከሚያውቀው የበለጠ ትልቅና ቅርብ ሆኑበት፣ መንገዱም በቆፈረው ልክ ሰፊ አልመሰለውም። ነፋሱ የሸሚዙን ኮሌታ ያርገበግባል። ቆፋሪዎቹ ዳር ዳሩን ቆመው ያያሉ፤ አንዱ «ጋሽ ውሃ ልክ!» ብሎ ጮኸለት፣ ክበቡ ያወጣለት ስም ነው። ትልቁ ኩርባ ሲመጣ ራሱ የመከረውን ፈጸመ፤ ፍሬኑን ያዝ አደረገ። ያኔ ከሥሩ ያለው መሬት እንደ እርጥብ ሳሙና ወደ ውጭ አዳለጠ። መሪውን ወደ ኮረብታው አዞረ፤ የፊተኛው ጎማ ግን ትእዛዝ እንዳልሰማ ሁሉ ወደ ቁልቁለቱ ሄደ፣ ውሃው እንዲሄድ ባዘዘው አቅጣጫ፣ በዚያው መስመር። ቀጥሎ ያወቀው ነገር ቢኖር ቁጥቋጦ ውስጥ በጎኑ ተጋድሞ፣ የቢጫዋ ብስክሌት የኋላ ጎማ ከፊቱ እየተሽከረከረ መሆኑን ነው።

አልተጎዳም። ይህን ካረጋገጠ በኋላ ግን አልተነሳም። ጉንጩ ከመንገዱ ወለል ጋር እኩል ስለነበር ኩርባውን በዚህ ከፍታ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ከሸሚዝ ኪሱ ውሃ ልኩን አወጣ፤ መስታወቷ አልተሰበረም። እጁን ዘርግቶ የመንገዱ ወለል ላይ አጋደማት። አረፋዋ ወደ ኮረብታው በኩል ሮጣ ቆመች፤ ወለሉ በየሜትሩ አምስት ሳንቲም ወደ ውጭ ያዘነብላል፣ እሱ እንደሠራው፣ አንድ ሚሊሜትር ሳይዛነፍ። ሲሠራው ያሰበው ስለ ውሃ ብቻ ነበር። ውሃው የሚሄድበት ወለል ላይ ሰውም አብሮ እንደሚሄድ አላሰበም።

ልጅቱ እየሮጠች ደርሳ ተንበረከከች። «ቆይ፣ አትነሳ። ጣቶችህን አንቀሳቅስ። አንገትህን ያምሃል?»

«ደህና ነኝ።»

ጉልበቱን፣ ትከሻውን ዳሰሰችው። ከዚያ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እዚሁ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«እኔ የወደቅኩት። እዚችው ቁጥቋጦ ላይ። ፍሬን ይዤ ነበር አባዬ።»

እሱ ውሃ ልኳን አንስቶ አፈሯን ጠረገ። «የመድኃኒት ቤቱ በርስ?» አለ።

«በሩ ምንም አላደረገኝም። ልነግርህ ነበር፤ ከዚያ ስብሰባው ላይ ዓይናቸውን ቤት ትተው የመጡ ናቸው አልክ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዶክተር ዞሮ አየኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልንገርህ? ዛሬም ያንኑ ስትደግመው ቁጭ ብዬ ከምሰማ ባትመጣ ይሻላል ብዬ ነው።»

ከላይ ሹፌሩ «በሕይወት አለ?» እያለ ይጣራል። አባትየው በክርኑ ቀና አለና የተንሸራተተውን የጎማ ፈለግ በጣቱ ተከተለው። «ቀድሞ የሄደው የፊቱ ጎማ ነው የኋላው?» አላት።

«የፊቱ።»

«የእኔም የፊቱ ነው። መሪውን ወደ ኮረብታው ስታዞሪው ባሰ ወይስ ተሻለ?»

«ባሰ።»

«ባሰ» አለ እሱም፣ ራሱን እየነቀነቀ። ከኩርባው ስድስት እርምጃ ወደ ላይ ያለውን ቦታ ለረጅም ጊዜ አየ፣ ከዚያ ኩርባውን፣ ከዚያ ቁልቁለቱን። «ሳላውቅ ነው የተናገርኩት» አላት፣ ዓይኑን ከመሬቱ ሳይነቅል። ልጅቱ ደህናውን እጇን ዘረጋችለትና አስነሳችው። ብስክሌቷን አቅንቶ ወጣባት፣ ቀሪውን ቁልቁለትም እስከ መዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ድረስ፣ ሱሪው አፈር እንደለበሰ፣ ወረደ። ግርጌው ላይ ሊቀመንበሩ መዝገቡን ይዞ ጠበቀው። መውደቁን ያነሳል ብሎ አንጣፊው መልስ አዘጋጅቶ ነበር፤ ሐኪሙ ግን ምንም ሳይል ፈረመና እስክሪብቶውን በእግር ተከትላ ለደረሰችው ልጅ አቀበላት። እሷም በታመመ እጇ መዝገቡን ደግፋ ከሐኪሙ ስም ሥር ፈረመች።

አዳራሽ የሚሉት ከኮረብታው ግርጌ ያለውን የችግኝ ጣቢያ መጋዘን ነው፤ የእርጥብ አፈር ሽታ አለው፣ መደርደሪያዎቹ ላይ ባዶ የችግኝ ላስቲክ ተደርድሯል። ከፊት ነጂዎቹ ባለቀለም ማሊያቸውን ለብሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ቆፋሪዎቹ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ፣ ወንበር ስለጎደለ ሳይሆን እንዲያው ልማድ ሆኖ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንጣፊው ከፊት ወንበር ላይ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠ። ካቡን የማይፈልጉት ስድስቱ ሰዎች ጠቀሱት፤ ሰባቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሊቀመንበሩ የካቡን ጉዳይ አነበበና አስተያየት ያለው እንዳለ ጠየቀ። አንጣፊው ተነስቶ ጠመኔውን አነሳ፣ ጥቁር ሰሌዳውም ላይ ኩርባውን በአንድ መስመር ሳለው።

«ጠዋት ድምፅ ቢኖረኝ እንዳለ ይተው እል ነበር» አለ። «ብል ኖሮ ተሳስቼ ነበር። ይኼ ኩርባ ሰው ይጥላል። ወደ ውጭ ያዘነበልኩት እኔ ነኝ፤ የወደቁት ሰዎች ጥፋት የለባቸውም፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ያልኩትንም ዛሬ ስቤያለሁ።» ከስድስቱ አንዱ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አንጣፊው በጠመኔው አስቆመው። «ካቡም ግን አይሆንም። ካቡ ውሃውን ያቆመዋል፣ ክረምት ሲገባ የሕፃናቱ ግቢ ገንዳ ይሆናል። ውሃውን ኩርባው ጋ ሳይደርስ ማስወጣት ነው።» ከኩርባው በላይ ስድስት እርምጃ ላይ ሰሌዳውን ነካ። «እዚህ ጋ መንገዱ ጎድጎድ ብሎ መልሶ ትንሽ ዳገት ይውጣ። ውሃ ዳገት አይወጣም፤ እዚሁ ጋ ወደ ቁልቁለቱ ይፈሳል። ከዚያ ኩርባው ውሃ ስለማይመጣበት ወደ ኮረብታው ማዘንበል ይችላል፣ ነጂውንም ይይዘዋል። ያለው ኩርባ ከሥሩ መፍረስ አለበት።»

ሐኪሙ ሰሌዳውን ጥርስ እንደሚያይ ሁሉ አንገቱን ሰበር አድርጎ መረመረው። «ስንት ቅዳሜ ይፈጃል ጋሼ?»

«ስምንት። ዝናብ ካልቀደመን።»

ከኋላ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ የሹፌሩ ነበር። «ጌታው፣ ለአንተ መውደቅ የእኔ ወገብ ምን አደረገ?» አለ። ሳቁ ግድግዳና ወንበር ሳይለይ መጋዘኑን ሞላው። ሊቀመንበሩም እየሳቀ፣ ካቡ ቀርቶ ኩርባው እንዲፈርስ የሚስማማ እጁን እንዲያወጣ ጠየቀ። ከፊት ወንበር ልጅቱ ቀድማ አወጣች፤ ከሰባቱም ከስድስቱም እጅ ተከተለ። ሐኪሙ በእስክሪብቶው ጫፍ እየጠቆመ ቆጠረ፤ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ የፊት ወንበር አለቀ። ግድግዳው ጋ ግን የቆፋሪዎቹም እጅ ወጥቶ ነበር፣ በጠቅላላው። ሐኪሙ ስለ ዘጠነኛው አንቀጽ ሊናገር ከንፈሩን አላቀቀ። ሹፌሩ በአንድ እጁ ወገቡን ይዞ ሌላውን እንደዘረጋ ነው። «ዶክተር፣ ቶሎ ይቁጠሩና ላውርደው፤ ወገቤን ቆነጠጠኝ» አለ። ሐኪሙ አንድ ጊዜ አንጣፊውን አየ፣ ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ ግድግዳው አዞረና «አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት» እያለ ቀጠለ። መዝገቡ ላይ የጻፈው ሃያ ሦስት ነው። ሁለት ሰው ተቃወመ፤ ሁለቱም ከፊት ወንበር ነበሩ፣ እነሱም ሲወጡ አንጣፊውን ጨበጡት።

ፀሐይ ለመጥለቅ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀራታል። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲበተን እሱ ዶማ ይዞ ወጣ፤ ልጅቱ ያለ ጥሪ የሲባጎውን ጥቅል ይዛ ተከተለችው። ኩርባው ላይ ሲደርሱ ጫፉን በደህና እጇ ያዘችለት፣ እሱ ወጠረው፣ የመጀመሪያው ቁፋሮ የሚያልፍበትን መስመር በዶማው ጫፍ ጫረ። ከዚያ እግሩን አመቻችቶ መታ። ዶማው ነጠረ። ደግሞ መታ፤ ጥፍር የምታህል አፈር ብን አለች። በአምስተኛው ምት ላብ በቅንድቡ ወረደ፤ መሬቱ የሲሚንቶ ያህል ነበር።

«ማነው እንዲህ አጥብቆ የጠቀጠቀው?» አለች ልጅቱ።

«አንድ ግትር ሰውዬ ነው» አለ፣ እፍ ብሎ መዳፉን እየፈተገ፤ «ግን ሥራ ያውቃል።»

ዶማውን ከፍ አደረገ። በአሥራ አንደኛው ምት የኩርባው ጠርዝ ተሰነጠቀና አንድ ትልቅ ቁራጭ ሳይፈረፈር፣ እንደ ጡብ፣ ሙሉውን ተነሳ።